ለአንዲት ሥዕል ወደ እሳት የወጣሁበት ቀን

ይህን ከመጻፌ በፊት ባለቤቴን አስፈቅጃለሁ። «ጻፈው፤ ግን እኔ ያልኩትንም ሳትደብቅ ጻፈው» አለችኝ። ስለዚህ ሳልደብቅ እጽፈዋለሁ።

ኤፍሬም እባላለሁ። ነገሩ ሲደርስብኝ ሎስ አንጀለስ ከመጣሁ ብዙም አልቆየሁም ነበር። ዌስትቼስተር፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ የሻትል ሹፌር ሆኜ መንገደኛ አመላልሳለሁ። ባለቤቴ ቤተልሔም እዚሁ ተወልዳ ያደገች ፋርማሲስት ናት። እናቷ እትዬ አስካለ ካረፉ በኋላ አባቷን ብቻቸውን መተው ስላልሆነላት፣ ባልድዊን ሂልስ ኮረብታው ላይ ካለው ቤታቸው ገብተን ከእሳቸው ጋር እንኖር ነበር።

አባቷ ጋሼ ወርቅነህ ፌርፋክስ ላይ በርበሬ፣ ሽሮና ቅመም የሚሸጥ ሱቅ ለረጅም ዘመን ያስተዳደሩ ሰው ናቸው። በሰፈሩ የማያውቃቸው ሐበሻ የለም። ንግግራቸው ቁጥብ ነው። እኔን ይጠሉኝ ነበር ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ ግን አልተቀበሉኝም። አንድ ልጃቸው ሐኪም ወይም ኢንጂነር እንድታገባ ይጠብቁ ነበር፤ የመጣላቸው ግን የሻትል ሹፌር ነው። እሁድ ቸርች ስንሄድ ከሰው ሲያስተዋውቁኝ «የቤቲ ባል ነው» ይላሉ እንጂ ስሜን አያነሱም። ቤት ውስጥ ደግሞ «ስማ» ነበር የምባለው። እኔም በመጀመሪያው ሰሞን «አባባ» ልላቸው ሞክሬ አፌ አልታዘዝ ስላለኝ፣ እንደማንኛውም የሰፈር ሰው «ጋሼ» እያልኳቸው ቀረሁ። አንጣላም፤ አንጫወትም። በኮሪደሩ ስንተላለፍ ሁለታችንም ወደ ግድግዳው ጠጋ እንላለን።

ስለ ሥዕሏ ልንገራችሁ። እትዬ አስካለ አሜሪካ በገቡ ሰሞን የሰው ቤት ያጸዱ ነበር። ከሚያጸዱላቸው ሰዎች አንዷ ከእንግሊዝ የመጡ፣ ዘመድ የሌላቸው አሮጊት ነበሩ። አሮጊቷ ቤታቸውን ዘግተው መጦሪያ ሲገቡ «ከዚህ ቤት የወደድሽውን አንድ ዕቃ ውሰጂ» አሏቸው። እትዬ አስካለ ዞር ዞር ብለው አዩና ኮሪደር ላይ ከተሰቀለች አንዲት የውሃ ቀለም ሥዕል ፊት ቆሙ። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የተሳለች ናት፤ የሠዓሊው ስም ጀርባዋ ላይ በእርሳስ ቢጻፍም ደብዝዞ አይነበብም። አንድ ትልቅ ትሪ ታህላለች። የአትክልት ቦታ አሮጌ የግንብ አጥር ይታያል፤ ከመሐሉ ቅስት ሆኖ የተሠራ መግቢያ አለው፤ ቅስቱ ላይ ጽጌረዳ ተጠምጥሞበታል። ዝናብ አሁን ያባራ የሚመስልበት ቀጭን መንገድ ከፊት ይነሳና በቅስቱ ሥር አልፎ ከወዲያ በኩል ይጠፋል። ከወዲያ ምን እንዳለ አይለይም። አረንጓዴው እየሳሳ ሄዶ ሄዶ በመጨረሻ ወረቀቱ ብቻ ይቀራል። ሰው የለበትም።

እትዬ አስካለ ይህችን ይዘው ቤት ሲገቡ ጋሼ ወርቅነህ «ቴሌቪዥኑን ብትወስጂ ምን ነበረበት?» ማለታቸውን ቤቲ ስንት ጊዜ እየሳቀች አውርታልኛለች።

ኋላ እትዬ አስካለ ኩላሊታቸውን ታመሙ። ሥዕሏም ከሳሎን ተነስታ ከአልጋቸው ትይዩ ተሰቀለች። ከዲያሊሲስ ደክመው ሲመለሱ ጋደም ይሉና ከባላቸው ጋር በሥዕሏ ይከራከራሉ።

«ከቅስቱ ወዲያ አግዳሚ ወንበር አለ። ግንቡ ከልሎት ነው እንጂ» ይላሉ እሳቸው።

«ምን ወንበር አለ፤ ጓሮ ነው። ጎመን ነው የተከሉበት» ይላሉ ጋሼ።

«ጎመን የሚተክል ሰው እንዲህ ያለ በር ያሠራል?»

እስካረፉበት ሳምንት ድረስ ክርክሩ አልቆመም። ካረፉ በኋላ ጋሼ ወርቅነህ ወንበራቸውን ከአልጋው እግር ሥር ስበው ከሥዕሏ ፊት መቀመጥ ጀመሩ። የክፍሉን መስኮት በወፍራም መጋረጃ ጋረዱት። አንድ ቀን ጠዋት ክፍሉ ጨልሞባቸው መስሎኝ መጋረጃውን ብገልጠው «ስማ። ፀሐይ ቀለሟን ይበላዋል። ሁለተኛ እንዳትነካው» አሉኝ። ቀስ ብለው ነው ያሉኝ፤ ግን ጆሮዬ ጋለ።

ያ ቀን የእረፍት ቀኔ ነበር። ከበረሃው በኩል የሚመጣው ደረቅ ንፋስ ከማለዳ ጀምሮ የዘንባባውን ቅጠል መንገድ ላይ እየጣለ ዋለ። ቤቲ ሥራ ገብታለች። ጋሼ ምሳቸውን በልተው ጋደም ብለዋል። እኔ ጓሮ ወጥቼ የወደቀ ቅርንጫፍ ስሰበስብ የሄሊኮፕተር ድምፅ ሰማሁ። ሄሊኮፕተሩ እንደ ሌላው ጊዜ አልፎ አልሄደም፤ እዚያው ይዞር ጀመር። ቀና ስል ከኮረብታው ጀርባ፣ ደረቅ ሣር ካለበት በኩል፣ ቡናማ ጢስ ተነስቷል።

ጎረቤታችን ሚስ ግሎሪያ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ጥቁር አሜሪካዊት አሮጊት፣ ድመታቸውን በሳጥን ይዘው ወደ መኪናቸው ሲሄዱ በአጥሩ ላይ አዩኝ።

«ምን ትጠብቃለህ? ሽማግሌውን ይዘህ ውጣ። ይህ ንፋስ አይታመንም» አሉኝ።

ሮጬ ገባሁ። ጋሼን ከእንቅልፋቸው ቀሰቀስኳቸው።

«ጋሼ፣ ይነሱ። እሳት ተነስቷል። መውጣት አለብን።»

«የት?»

«ከኮረብታው ጀርባ። ንፋሱ ወደዚህ ነው።»

«እንዲህ ሲሉ ስንት ጊዜያቸው ነው» እያሉ እግራቸውን ከአልጋ አወረዱ። ይህን እያሉ የፖሊስ መኪና በድምፅ ማጉያ «አሁኑኑ ለቃችሁ ውጡ» እያለ በመንገዱ አለፈ። ያኔ ፊታቸው ተለወጠ። ጫማቸውን አደረግኩላቸው። ልባቸው ችግር ስላለበት፣ ሆስፒታል ድንገት ቢገቡ ብላ ቤቲ ያዘጋጀችላቸው ትንሽ ጥቁር ሻንጣ አልጋው አጠገብ ትቀመጣለች። እኔ መታጠቢያ ቤት ገብቼ መድኃኒታቸውን ስሰበስብ እሳቸው ኮታቸውን እየለበሱ ከክፍሉ ወጡ።

«ያቺንም ይዘህልኝ ውጣ» አሉኝ ከኮሪደሩ።

ሻንጣዋን አነሳሁ። «ይዣለሁ» አልኳቸው።

ክንዳቸውን ደግፌ መኪና ውስጥ አስገባኋቸው። መንገዱ ቁልቁል የሚወርድ መኪና ሞልቶበታል። ከኮረብታው ግርጌ፣ ፖሊሶቹ መንገዱን ከዘጉበት ትንሽ አለፍ ብሎ፣ የተዘጋ ሱቅ ሰፊ ፓርኪንግ አለ። ከላይ የወረደው ሰው ሁሉ እዚያ ተሰብስቧል። ጥግ ይዤ ፓርክ አደረግኩ። ስልኬ ባትሪው አልቆ ጠፍቶ ስለነበር ቻርጅ ላይ ሰካሁት። የእሳቸው ስልክ ደግሞ ትራስጌያቸው ቀርቷል። ስልኬ ነፍስ ሲዘራ ለቤቲ እደውላለሁ ብዬ ተቀመጥኩ።

«ከኋላ ነው ያስቀመጥካት?» አሉኝ ጋሼ። «መስታወቷ እንዳይሰነጠቅ።»

«ምኗን?»

«ሥዕሏን።»

ወደ ኋላ ወንበር ዞሬ አየሁ፤ ጥቁሯ ሻንጣ ብቻ ናት። እሳቸውም ከፊቴ ላይ አነበቡት።

«ይዘህልኝ ውጣ ስልህ፣ ይዣለሁ አላልክም?»

«ሻንጣዋን መስሎኝ ነው ጋሼ።»

ይቆጡኛል ብዬ ነበር። አልተቆጡም። ወደ ኮረብታው አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው የመኪናውን በር ከፈቱና አንድ እግራቸውን መሬት አደረጉ።

«የት ነው ጋሼ?»

«አምጥቻት እመጣለሁ።»

«አይችሉም። ልብዎ አይችልም። መኪና ደግሞ አያሳልፉም።»

«በደረጃው እሄዳለሁ።»

በታችኛው መንገድና በእኛ መንገድ መካከል የኮረብታውን ወገብ ሰንጥቆ የሚወጣ፣ የብረት መደገፊያ ያለው የሲሚንቶ ደረጃ አለ። ጤነኛ ሰው እንኳ መሐል ላይ ቆሞ ትንፋሹን ይሰበስባል። እጄን ዘርግቼ ኮታቸውን ያዝኩ። ዞር ብለው አዩኝ፤ ዓይናቸው እንባ ሞልቷል።

«ኤፍሬም» አሉ። ስሜን ከአፋቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። «ልብሷን ቤቲ ለሰው ሰጠችው። ፎቶዋን ባይ ሳትታመም ያለችው ሴት ናት፤ ደህና ሆና የምትስቀው። እኔ አጠገቧ የከረምኩት ከታመመችው ጋር ነው። ያቺ የቀረችኝ እዚያ ግድግዳ ላይ ነው።»

እንዲህ ረዘም አድርገው አነጋግረውኝ አያውቁም። ኮረብታውን አየሁት። ጢሱ ገና ከጀርባ ነው፤ በእኛ መንገድ በኩል ሰማዩ ይታያል። ሰዎች በደረጃው ዕቃ ይዘው እየወረዱ ነው። ወጣት ነኝ፣ ደረጃውን በየጊዜው እወጣዋለሁ፣ እደርሳለሁ አልኩ። እውነቱን ለመናገር ሌላም ነገር ነበረበት፤ ይህ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የሆነ ነገር ጠይቆኛል።

«ኦኬ። እኔ እሄዳለሁ። እርስዎ ግን ከዚህ መኪና እንዳይወርዱ። ቃል ይግቡልኝ።»

እግራቸውን መልሰው አስገቡ። «ሂድ» አሉኝ። ቃል ግን አልገቡልኝም። ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም።

ስልኬን ከተሰካበት ሳልነቅል ሄድኩ።

ደረጃውን ሩጫ ጀምሬ ከመሐል ላይ በእግሬ ሆንኩ። ድመት፣ ኮምፒውተር፣ ሕፃን ያቀፉ ሰዎች ይወርዳሉ። አንድ ሰውዬ «ተሳስተሃል፤ መውጫው በታች ነው» አለኝ። አልፌው ወጣሁ። የእኛ መንገድ ላይ ስደርስ ሰው የለም። ሰማዩ የብርቱካን ቀለም ይዟል። ዓይኔን አቃጠለኝ። አመድ እንደ ላባ እየተንሳፈፈ መኪና ላይ፣ አጥር ላይ፣ ክንዴ ላይ ያርፋል።

ቤቱን ከፍቼ በቀጥታ ወደ ክፍላቸው ገባሁ። ሥዕሏ በቦታዋ ናት። ሳወርዳት ግድግዳው ላይ ከስሯ ያለው ቀለም ከሌላው የነጣ ነበር። የአልጋ ልብሱን ገፍፌ ጠቀለልኳት። የጋሼን ስልክ ትራስጌ አየሁት፤ አንስቼ ኪሴ ከተትኩት። ይህን ሁሉ ሳደርግ ብዙም የቆየሁ አልመሰለኝም።

በሩን ከፍቼ ስወጣ ግን የገባሁበት መንገድ አልነበረም። ንፋሱ ዞሯል። ጢሱ ከኮረብታው ጀርባ ተነስቶ መንገዱ ላይ ተኝቷል። ወደ ደረጃው ሮጥኩ። ከደረጃው አናት አጠገብ ያሉት ሁለት ዛፎች ተያይዘዋል፤ ከስራቸው ያለው ሣር ቁልቁል እየነደደ ይወርዳል። ትንፋሽ ሳብኩ፤ ደረቴ ውስጥ ምንም የገባ አልመሰለኝም። ሸሚዜን አፌ ላይ አድርጌ ወደ ኋላ ተመለስኩ። በየትኛው በኩል እንደምሄድ ግራ ገብቶኝ መሐል መንገድ ላይ ቆምኩ። እዚህ ነው የምሞተው የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ስለ ቤቲ አላሰብኩም፤ ስለ እናቴም አላሰብኩም። መስታወቱ እንዳይሰበር አጥብቄ እንደያዝኩት ብቻ ነው የማስታውሰው።

ከጢሱ ውስጥ የእሳት አደጋ መኪና ወጣ። አንዱ ሠራተኛ ወርዶ ክንዴን ያዘኝ።

«ሌላ ሰው አለ ቤት ውስጥ?»

«የለም።»

«ታዲያ አንተ ምን ትሠራለህ?» የያዝኩትን አየ። «ምንድነው እሱ?»

«ሥዕል ነው» አልኩት።

ሰውየው ወደ መኪናው ገፍቶ አስገባኝ። በታች በኩል መውረድ ስላልተቻለ በኮረብታው ማዶ፣ በክሬንሾው በኩል አወረዱኝና ተፈናቃይ ከሚሰበሰብበት አንድ ትምህርት ቤት ደጃፍ ትተውኝ ሄዱ።

የጋሼን ስልክ ከኪሴ አውጥቼ ለቤቲ ደወልኩ። ገና ሳይጠራ አነሳችው።

«አባ?»

«እኔ ነኝ።»

ስታለቅስ ሰማኋት። «የት ነህ? በሕይወት አለህ?»

«ክሬንሾው ነኝ። ደህና ነኝ። ጋሼ መኪና ውስጥ ናቸው፤ ታች፣ ፓርኪንጉ ጋ። በእኔ ስልክ ደውይላቸው።»

«እየደወልኩ ነው። አያነሳም።»

መንገድ ላይ ስለነበረች መጥታ ወሰደችኝ። ሥዕሏን ከኋላ ወንበር አስቀመጥኳት። ቤቲ ወደ ኋላ አላየችም። ከኮረብታው ማዶ ወደ ግርጌው ለመድረስ መንገድ ሁሉ ተዘግቶ ዙሪያ ጥምጥም ድራይቭ አደረገች። በየመሐሉ ደጋግማ ትደውላለች። ስልኩ ይጠራል፤ ይጠራል፤ ይዘጋል።

«ምናልባት ተኝተው ይሆናል» አልኳት።

«ዝም በል ኤፍሬም። ፕሊስ።»

ፓርኪንጉ ስንደርስ መኪናችን እንዳቆምኳት ቆማለች። ውስጧ ሰው የለም። ስልኬ መቀመጫው ላይ ወድቆ የቤቲ ስም ይበራበታል። ቤቲ «አባ» እያለች በመኪኖቹ መሐል መሮጥ ጀመረች። እኔ ሚስ ግሎሪያን አየኋቸው። የድመታቸውን ሳጥን ጭናቸው ላይ አድርገው በታጣፊ ወንበር ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ተነሱ።

«ጋሼን አይተዋቸዋል?» አልኳቸው።

«ወደ ደረጃው ሄደ። ያዝኩት፤ እጄን አስለቀቀኝ። እሳቱ ወርዷል፣ ትሞታለህ አልኩት።» ወደ ደረጃው አመለከቱ። «ልጄ እላይ ነው፣ ማይ ሰን ኢዝ አፕ ዜር አለኝ። ይህን ሁሉ ዘመን ጎረቤቴ ሆኖ ወንድ ልጅ እንዳለው አላውቅም ነበር።»

ፊቴን ትኩር ብለው አዩኝ።

«አንተን ነው እንዴ?» አሉ።

ወደ ደረጃው ሮጥኩ። ፖሊሶች ያዙኝ። ታገልኳቸው፤ ሁለት ሆነው መሬት ላይ አስቀመጡኝ። «ሰው አለ፣ ሽማግሌ ሰው አለ» እላለሁ። «ሰምተናል፤ ሰዎቻችን እየወጡ ነው» ይላሉ። ቤቲ አጠገቤ ቁጭ አለች። እጇን ልይዛት ስል ቀስ ብላ ወሰደችው።

የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ጋሼ ወርቅነህን በአልጋ ተሸክመው ሲያወርዷቸው ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ከደረጃው ሁለት ሦስተኛውን ወጥተው ነበር አሉን። ተቀምጠው፣ አንድ እጃቸው የብረቱን መደገፊያ እንደያዘ ነው የተገኙት። እሳቱ ወደ እሳቸው አልደረሰም፤ ራሳቸውን ያሳታቸው ጢሱ ነው። ኮታቸው ላይ አመድ አለ። ጫማቸውን፣ እኔ ያሠርኩላቸውን ማሰሪያ፣ አየሁት።

ሆስፒታል ትንፋሻቸው በማሽን ቀጠለ። ቤቲ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል ተቀመጥን። ፓስተራችን መጥተው ጸለዩ። እኔ ጆሯቸው ሥር ጎንበስ ብዬ «አባባ፣ ወርጃለሁ። ደህና ነኝ» አልኳቸው። አባባ የሚለው ቃል ያን ቀን አፌ ላይ አልከበደኝም። መስማታቸውን ግን አላውቅም። በማግስቱ ረፋዱ ላይ አረፉ።

እሳቱ ቤታችንን አልነካውም። ንፋሱ እንደገና ዞሮ የጓሮውን አጥር ብቻ አቃጥሎ አለፈ። ከቀብሩ በኋላ ቤት ስንገባ መጋረጃው፣ ወንበሩ፣ ትራሱ፣ ሁሉም እንደነበረ ነው። ሥዕሏ ካለችበት ብትቆይ ምንም አትሆንም ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ የመጣው ለቀስተኛ ሁሉ ግን ግድግዳውን እያየ ያንኑ የሚያስብ ይመስለኝ ነበር።

ቤቲ ሥዕሏን ከነአልጋ ልብሷ ቁም ሳጥን ውስጥ አስገብታ ዘጋችባት። ከእኔም ጋር መነጋገር አቆመች። «እራት አለ»፣ «ነገ ገብቼ እወጣለሁ» የሚባለው ይባላል፤ ከዚያ ያለፈ የለም። እኔን እንደምትወቅስ አልተጠራጠርኩም። ወራት አለፉ። ከእለታት አንድ ቀን ፌርፋክስ ላይ የድሮው የአባቷ ሱቅ ፊት መኪና ፓርክ አድርገን ሳለ ሞተሩን አጥፍታ መሪውን እንደያዘች ቀረች።

«ያን ቀን አባ ስልክህን አንስቶልኝ ነበር» አለችኝ።

«መቼ?»

«አንተ ከወጣህ በኋላ። ኤፍሬም የት ነው አልኩት። ሥዕሏን ሊያመጣ ወጣ አለኝ። ያበድኩ መሰለኝ። ለወረቀት ብለህ ባሌን እሳት ውስጥ ሰደድከው አልኩት። አንድ ነገር ቢሆንብኝ ሁለተኛ ዓይንህን አላየውም አልኩት።»

«ምን አሉሽ?»

«እሺ፣ አመጣዋለሁ አለኝ። ስልኩን ዘጋው።»

ባቡር የሚያህል የከተማ አውቶቡስ መጥቶ ከኋላችን ጡሩምባ ነፋ፤ ማቆሚያው ላይ ነበርን። እሷ አልሰማችም። ወርጄ በእሷ በኩል ዞርኩና ከሾፌሩ ወንበር አንስቼ ወደ ሌላው አሸጋገርኳት፤ ድራይቭ አድርጌ ወደ ቤት ወሰድኳት። ትዳራችን ያን ቀን ዳነ ማለት አልችልም። ግን ከዚያ ወዲህ እየተነጋገርን ነው። እሷ «አባቴን የገደልኩት እኔ ነኝ» ትላለች፤ እኔ የገደልኳቸው እኔ ነኝ እላለሁ። አንዳችን የሌላውን አናምንም።

አንባቢዎቼ፣ ብዙ ሰው «ልጄ ብለውሃል እኮ፤ በዚህ ተጽናና» ይለኛል። ልነግራችሁ የምፈልገው እውነት ይህ ነው፤ ጋሼ ወርቅነህ «ልጄ» ያሉት ወደውኝ ይሁን፣ የልጃቸውን ቁጣ ፈርተው ይሁን፣ ወይስ «የልጄ ባል» የሚለው በእንግሊዝኛ ሲጣደፉ አልመጣላቸው ብሎ ይሁን፣ አላውቅም። የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። እኔ የማውቀው በዚያ ልብ፣ በዚያ ጉልበት ያን ሁሉ ደረጃ መውጣታቸውን ነው። ያን ያህል ከወጣ ሰው ላይ ቃል አልመረምርም።

አንድ ነገር ግን ተለውጦብኛል። ዱሮ የሽማግሌ ሰው ዕቃ ዕቃ ይመስለኝ ነበር። አሁን የንፋሱ ወቅት ሳይገባ የቸርቻችንን አዛውንቶች ቤት ለቤት እዞራለሁ። «እትዬ፣ ጋሼ፣ ከዚህ ቤት ጥለውት ቢወጡ የሚመለሱለት ነገር የቱ ነው?» ብዬ እጠይቃቸዋለሁ። ይስቃሉ፤ ይቆጣሉ፤ በመጨረሻ ያሳዩኛል። በሩ አጠገብ እናስቀምጠዋለን። እናንተም በሰላሙ ቀን ወላጆቻችሁን ጠይቁ። አንዴ ከወጣችሁ በኋላ ግን ምንም ይቅር፣ ማንንም ወደ ኋላ አትላኩ። እናንተም አትሂዱ። እለምናችኋለሁ።

ባለፈው የንፋስ ወቅት እንደገና የእሳት ማስጠንቀቂያ ተሰጠ። እትዬ የሺ የሚባሉ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ እናት አሉን፤ ይዣቸው ወረድኩ። ጥቂት እንደሄድን «ጥርሴን ረሳሁት፤ የሰርግ ፎቶዬንም ረሳሁት፤ መልሰኝ» አሉ። አልመልስም አልኳቸው። «ጢስ እንኳ አይታይም፤ ሁለት ደቂቃ ነው» አሉ። አልመልስም አልኩ። በሩን ሊከፍቱ ሲሉ ቆለፍኩት። ያልሰማሁት ስድብ አልቀረም። እሳቱም የእሳቸው ቤት አልደረሰም፤ ምሽት ላይ ተመልሰው ፎቷቸውንም ጥርሳቸውንም እንዳስቀመጡት አገኙ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ተቀይመውኛል። እሁድ እሁድ ቸርች በር ላይ ቆሜ «እንዴት አደሩ እትዬ» እላቸዋለሁ። ፊታቸውን አዙረው ያልፉኛል። እኔም እንደቆምኩ ደረጃውን ሲወጡ አያቸዋለሁ። ደህና አድርገው ነው የሚወጡት።